የሚጎዳው መጀመሪያ ይጻፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቸርች ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። «እህት ዘነበች፣ አሁን እንኳ እውነቱን ንገሪን እስኪ፤ ኧርቪንግ ቁጭ ብሎ የባሕር ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» እኔም እስቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ከዚህ ከሰሜን ቴክሳስ ተነስቶ ቅርብ የሚባለው ባሕር ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን ሃይዌይ ላይ መዋል ነው። ደግሞ እኔ ዋና አልችልም። ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ መዝሙር ነው የምጀምረው። ባለቤቴ ግርማ ሰው ሲያስተዋውቀኝ «ሚስቴ ማዕበል ነጋዴ ናት» ነበር የሚለው፤ ኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ለተሳፋሪው ሳይቀር ይህንኑ ያወራ ነበር። እኔ ግን በሥራዬ ኮርቼ ነው የወጣሁት። ስለዚህ አንዴ በደንብ ላውራውና እንገላገል።

ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ስሟን ብነግራችሁም ካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋችኋል። ከዳርቻዋ ራቅ ብሎ ከውሃው ሥር የተጋደመ የኮራል አለት አለ፤ ሪፍ ይሉታል። ከሩቅ የመጣ ማዕበል እሱ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ብሎ ይነሳና እየተጠቀለለ ይወርዳል። እዚያ ላይ ሰርፍ ለማድረግ፣ ማለቴ በሰሌዳ ቆሞ ማዕበሉን ለመጋለብ፣ ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል። አለቱ ግን ምላጭ ነው። ባሕሩ ሲጎድል በላዩ የሚቀረው ውሃ ሕፃን ልጅ የሚታጠብበት ያህል ነው። የእኛ ኦፊስ ሥራ ለዚህና ለመሰሎቹ ቦታዎች «ነገ ማዕበሉ እንዲህ ነው፣ ነፋሱ እንዲህ ነው፣ ባሕሩ በዚህ ሰዓት ይጎድላል» ብሎ በየቀኑ መጻፍ ነበር። መለኪያዎቹ እዚያው ውቅያኖሱ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ቁጥሩ በሳተላይት ይመጣል፣ ጻፊው የትም ቢቀመጥ ችግር የለውም። ኩባንያው ኧርቪንግን የመረጠው የኦፊስ ኪራዩ ረከስ ብሎለት ይመስለኛል።

አገር ቤት ሳለሁ የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበርኩ፤ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር የዝናብ መለኪያ አነባለሁ፣ ደመና አያለሁ፣ በሬዲዮ አስተላልፋለሁ። ሎተሪ ደርሶን መጣንና ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ገባን። እኔ ኧርቪንግ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ገባሁ። አንድ ቀን አንዲት የቸርች እህት በስልኳ ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ የባሕርና የአየር ጠባይ ቁጥር የሚያጣራ ሰው ይፈለጋል ይላል። «ይሄ እኮ አንቺ ነሽ!» አለችኝ። ጌታ ይባርካት፣ አፕላይ ያደረገችልኝም እሷው ናት።

ኢንተርቪው ያደረጉኝ አለቃችንና ሬይ የሚባል ሽማግሌ ነበሩ። ሬይ ረዥም፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ ቴክሳሳዊ ነው፤ በወጣትነቱ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ሠርቷል። ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። የተወለድኩ ቀን ዝናቡ ስላላባራ ነው የወጣልኝ ብዬ ፍቺውን ነገርኩት። ወደ አለቃችን ዞረና «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜኒ ሆኜ ቀረሁ። ደመወዙ ከላውንደሪው ሻል ያለ ነው፣ ኢንሹራንስም አለው፤ ስለ ገንዘብ ይህ ይበቃል።

ሬይ ያስተማረኝ ቁጭ አድርጎ አይደለም። አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁትን ነው የወሰድኩት። ጠዋት ሲገባ ከኪሱ ከግቢው ዛፍ የለቀማቸውን ፒካን የሚባሉ ቅርፊታም ፍሬዎች ያወጣል። ሁለቱን በአንድ መዳፉ ይጨብጥና እርስ በርስ አጋጭቶ ይሰብራቸዋል፤ ፍሬውን ለእኔ፣ ቅርፊቱን ለቢሮው ምንጣፍ። አቤት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትጠላው! ከዚያ ኮምፒውተሩ የሠራውን ትንበያ ሳይከፍት በፊት ከተንሳፋፊዎቹ መለኪያዎች የመጣውን ጥሬ ቁጥር ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ የራሱን ግምት በእርሳስ ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፍና ይገለብጠዋል። ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። «መጀመሪያ የእሱን ካየሁ የራሴን አላስብም» ይላል። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ደስ የሚለው ነገር! ማን እንደተሳሳተ እስኪያውቅ ምሳ አይበላም።

ምሳ ስንበላ ደሴቲቱ ላይ የማግስቱ ቀን ይነጋል። ያኔ ሬይ ሴሚን ኮል ያደርገዋል። ሴሚ እዚያ ሰርፈሮችን በትንሽ ጀልባ ወደ ሪፉ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሬይ «ትንበያችን እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ሴሚ፣ ምን ይታይሃል?» ነው የሚለው። ሴሚም ከበረንዳው ሆኖ የሚያየውን ይናገራል፤ የውሃውን ቀለም፣ የዘንባባው ቅጠል ወዴት እንዳጋደለ፣ አለቱ ላይ ነጭ አረፋ መኖር አለመኖሩን። ትንሽ ቆይቶ እኔም ስልኩን መቀበል ጀመርኩ። ሴሚ ጨዋታ አዋቂ ነው። ባሕር አይቼ እንደማላውቅ ሲሰማ ስልኩን ወደ ውሃው አዙሮ «በይ ተዋወቂው» አለኝ።

ይህን የሰማ ሬይ በመጀመሪያው ዓመት እኔንና ግርማን ከሚስቱ ጋር ወደ ቴክሳስ ባሕር ዳር ይዞን ሄደ። «እግርሽን ያልነከርሽበትን ነገር እንዴት ትጽፊያለሽ?» ብሎ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገባሁ። ግርማ አሸዋው ላይ ቆሞ «እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ» አለ፤ መኪናው እንደሆን የትም አይሄድም። ሬይ አንድ ማዕበል እግሬን ከመታበት ጀምሮ ቀጣዩ እስኪመታኝ ሰከንድ አስቆጠረኝ። በአማርኛ ቆጠርኩ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣው እዚሁ በቅርብ ነፋስ የተነሳ ነው አለኝ። አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው ቆይቶ፣ ረግቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ከሩቅ አውሎ ነፋስ የተወለደ ነው፤ ብዙ አገር አቋርጧል፣ ጥልቅ ነው። «ቁመቱ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። አለት ላይ ሲደርስ ነው ማንነቱን የሚያሳይሽ» አለኝ። እስከ ዛሬ ከተማርኩት ሁሉ ዋናው ይህ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሪፉን ትንበያ እኔ እንድጽፍ፣ ሬይ እንዲያየው ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ነበር። በየቀኑ የጽሑፌን የመጨረሻ አንቀጽ አንስቶ መጀመሪያ ላይ ያደርገዋል! እኔ «ነፋሱ ቀላል ነው፣ ጠዋቱ ያማረ ነው» ብዬ ጀምሬ፣ አካባቢውን አሳይቼ፣ አደጋ ካለ መጨረሻ ላይ በቀስታ አነሳዋለሁ። እሱ አደጋውን አናቱ ላይ ይሰቅለዋል። ማታ ለግርማ «ይሄ ሰውዬ ሰላምታ አያውቅም እንዴ?» እለዋለሁ። የጽሑፍ ስልቱ ነው ብዬ ተውኩት። ለምን እንደሚያደርገው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

አንድ ሳምንት የሬይ ሚስት ኦፕራሲዮን ነበረባትና ፈቃድ ወጣ። ትንበያውን የማየው እኔ፣ የምልከውም እኔ። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከደቡብ በኩል ያለው መለኪያ ላይ ያ ረግቶ የሚመጣው ማዕበል ታየኝ። ቁመቱ ምንም አይደለም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ግን በጣም ረዥም ነው። ወደ ረፋዱ ገደማ ሪፉ ላይ እንደሚደርስ አሰላሁ። ባሕሩ የሚጎድለውም ያኔ ነው። ሁሉንም ጻፍኩት። አጻጻፌ አሪፍ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የምለው። «ከየብስ የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ፣ መስታወት የመሰለ ጠዋት፣ ለጀማሪም የሚመች ማዕበል» ብዬ ጀመርኩ። መጨረሻው ላይ «ሆኖም ከረፋዱ ጀምሮ ከሩቅ የመጣ ማዕበል ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ስለሚደርስ፣ በሪፉ መካከል ያለው የጀልባ መተላለፊያ አደገኛ ይሆናል» አልኩ። ላክሁ። ከምሳ በኋላ ለሴሚ ስደውል አላነሳም፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሴሚ ጽሑፉን በስልኩ ነው የከፈተው። በስልክ መጀመሪያ የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላውን ለማየት መጫን አለብህ። እንግዶቹ ሰሌዳቸውን ተሸክመው ይጠብቁታል። ያማረ ጠዋት የሚለውን አነበበና ጀልባውን አስነሳ። ጠዋቱም እንዳልኩት ያማረ ነበር። ረፋዱ ላይ ሲመለሱ መተላለፊያው መሃል አንድ ማዕበል ተነስቶ ጀልባዋን ገለበጣት። እንግዶቹ ቆዳቸው ተገሽልጦ ተረፉ። የሴሚ ቀኝ እግር ግን በጀልባዋና በአለቱ መሃል ገባ።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሬይ ከፈቃዱ ተመልሶ ወንበሬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ሳልቀመጥ «ሴሚ ተጎድቷል፣ ነፍሱ ተርፋለች» አለኝ። ከዚያ የጻፍኩትን ከፍቶ በጣቱ ወደ ታች ወደ ታች እየሄደ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቆመ። «ቁጥርሽ ልክ ነው። ሰዓትሽ ልክ ነው። ለምን እዚህ ታች አደረግሽው?»

እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። እኛ ክፉ ወሬ እንዲህ አናወራም አልኩት። እናቴ አገር ቤት ያረፈች ጊዜ ወሬው ለቸርች ሰዎች ነው የተደወለው፤ ለእኔ አንድም ሰው ኮል አላደረገልኝም። በጠዋት በራችን ተንኳኳ። ፓስተሩና እህቶች ገቡ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ቁርስ መብላቴን ጠየቁኝ፣ አስቀመጡኝ፣ አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ ያዙኝ። ከዚያ ነው የነገሩኝ። መርዶ ይባላል። ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ በድንገት ክፉ ነገር አይነገረውም። ከልጅነቴ ያየሁት ይህን ነው። እጄ ሲጽፍም እንደዚያው ነው የጻፈው፣ እኔ አላወቅኩትም።

ሬይ እየሰማኝ ከኪሱ ፒካን አውጥቶ ሳይሰብረው በእጁ ያገላብጠዋል። በመጨረሻ «ደግ ባህል ነው» አለ። «እኔም ክፉ ቀን ሲመጣብኝ እንደዚያ ቢነግሩኝ እወዳለሁ። ግን ዜኒ፣ መርዶ የሚነገረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ትንሽ ብትዘገዪ የሞተው ሰው አይጎዳም። እኛ የምንጽፈው ገና ያልሆነውን ነው።» ቀጥሎም «የሚጎዳውን መጀመሪያ ጻፊ። ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ ሰላም በያቸው» አለኝ። ደግሞ በራሱም አዘነ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንቀጼን ሲያነሳ ምክንያቱን ባለመንገሩ። አለቃችን አላባረረችኝም። ትንበያው ስልክ ላይ እንዴት እንደሚታይ ማንኛችንም አስበን አናውቅም ነበርና ሁሉም ሰው ከዚያን ቀን በኋላ አጻጻፉን ለወጠ።

ለሴሚ ለመደወል ፈራሁ። ሬይ እሱ ራሱ ቁጥሩን መትቶ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው። ሴሚ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። «ዜኒ፣ እዚህ ተኝቼ ሥራ የለኝም» አለኝ። «ጽሑፍሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሁሉም እዚያ አለ፤ ሰዓቱ ሳይቀር።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል የለም፤ እውነት ገርሞት ነው የሚያወራው። ከዚያ በኋላ ሴሚ በዱላ ነው የሚሄደው። ሰሌዳ ላይ ዳግመኛ አልቆመም። ጀልባዋን ልጁ ሜሬ ተረከበቻት።

ሥራውን ልተወው ነበር። ላውንደሪው ይሻለኛል፣ አንሶላ ሰው አይገድልም አልኩት ግርማን። ግርማ ቀልደኛ ነው ግን ያን ቀን አልቀለደም። «ወደዚያ ሰውዬ በረንዳ ነገ ማን ነው የሚደውለው?» አለኝ። በቃ፣ በማግስቱ ገባሁ። ደወልኩም። «ሴሚ፣ ምን ይታይሃል?» አልኩት። «የሆስፒታል ግድግዳ» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እስከምወጣ ድረስ በየሥራ ቀኑ ተደዋውለናል። የልጆቼን ምርቃት ያውቃል፣ የግርማን የስኳር በሽታ ያውቃል። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ቤት ስንገዛ «በረንዳ አለው?» ብሎ ነው የጠየቀኝ።

ሬይ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ቴክሳስ የባሕሩ ዳርቻ ገባ። ፒካን አሁንም በፖስታ ይልክልኛል። አለቆች ሄዱ፣ አለቆች መጡ። በኋላ በኋላ ጽሑፉን ራሱ ኮምፒውተር መጻፍ ጀመረ፤ የእኛ ሥራ ማየትና ማስተካከል ሆነ። ክፋት የለውም፣ እንዲያውም ከእኔ እንግሊዝኛ የእሱ ይሻላል። እኔ ግን የሬይን አልተውኩም። መጀመሪያ መለኪያውን አነባለሁ፣ ግምቴን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን እገለብጣለሁ።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ፣ ማታ ከግርማ ጋር ፎቶ እንነሳለን፣ ኬክ እንቆርሳለን ብዬ ለብሼ ነው የገባሁት። መለኪያውን ከፈትኩ። ደቡብ በኩል ያው ነው፤ ቁመቱ ትንሽ፣ አካሄዱ የረጋ፣ ረዥም። ባሕሩም ረፋዱ ላይ ይጎድላል። ኮምፒውተሩ ምን ጽፎልኝ ነበር መሰላችሁ? «ቀላል ነፋስ፣ ያማረ ጠዋት።» ወይ ጉድ! እንደ ራሴ ነው የጻፈው። አጠፋሁትና የመጀመሪያውን መስመር በእጄ ጻፍኩ፤ «ዛሬ ወደ ሪፉ አትውጡ።» ምክንያቱን ከሥር።

አዲሱ አለቃዬ አየውና መጣ። ሰው ጨዋ ነው። «ዜኒ፣ አትውጡ ማለት ከባድ ቃል ነው። ማዕበሉ ቢዘገይስ? ሰዎቹ እንግዳ አላቸው፤ ጠዋቱ ባዶ ቢሆንባቸው ሁለተኛ አያምኑንም» አለኝ። ልክ ነው፣ ሊዘገይ ይችላል። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ባሕሩ ሞልቶ ይደርስና ምንም አይሆንም ነበር፤ እኔም በመጨረሻ ቀኔ የሰው ገበያ ዘጋሁ ማለት ነው። «ከዘገየ ነገ በእኔ ማሳበብ ትችላለህ፣ እኔ እንደሆን የለሁም» አልኩት። ሳቀና «ላኪው» አለኝ።

ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮዬ ደወልኩ። ሴሚ አያነሳም። ሜሬ ዘንድ ደወልኩ፤ እሷም አታነሳም። እንዴ! ያን ሁሉ ዓመት ስልክ ሳያነሳ የቀረበት ቀን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ታውቁታላችሁ። ደጋግሜ ደወልኩ። ኮንፈረንስ ክፍሉን በፊኛ አስጊጠውታል፣ ስሜን ኬክ ላይ ጽፈውታል፣ ሰው ይመጣል፣ ያቅፈኛል። አንዱ ንግግር ሲያደርግልኝ ቃሉን አልሰማሁትም። ሰዓት እያየሁ ነው፤ እዚያ ረፋድ ሆኗል፣ ባሕሩ እየጎደለ ነው። በሥራችን እኮ ክፉ ሲሆን ነው ስልክ የሚጮኸው። ሰዎች ቤታቸው ቀሩ፣ ምንም አልሆኑም ብሎ የሚደውል የለም። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ስልኬ አይጩህ እያልኩ ደግሞ ስልኬን በእጄ ጨብጫለሁ።

ጮኸ። ሜሬ ናት። ገና ሄሎ ሳልል «ሁላችንም ደህና ነን» አለችኝ። ከኋላዋ የሆነ ነገር ይጮሃል፤ መጀመሪያ አውሮፕላን መስሎኝ ነበር። ውሃው ነው። ማንም አልወጣም አለችኝ። ማለዳ ላይ እንግዶቹ ሰማዩን እያዩ አጉረምርመው ነበር፤ አሁን ግን ዳር ቆመው መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሲሆን እያዩ ነው። ስልክ ያላነሱት ሁሉም ተረባርበው ጀልባዋን ወደ ላይ ሲጎትቱ ስለነበር ነው። «አባቴ ይፈልግሻል» አለችኝ።

ሴሚ ስልኩን ተቀበለ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ በዚያ እግሩ ገመድ ሲስብ ነበር ማለት ነው። እንደ ልማዴ «ሴሚ፣ ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«የልጄ ጀልባ» አለኝ። «ሣር ላይ ተቀምጣለች።» ቀጥሎም «ዜኒ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያነበብኩት። በቃኝ» አለኝ።

እዚያው ፊኛው መሃል ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። ግርማ ከታች ፓርክ አድርጎ አበባ ይዞ ሲገባ ሰው ከቦኝ አየና ደነገጠ፤ አበባውን ጥሎ እየተሯሯጠ መጣ። «ምን ሆነ? ዘኔ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን ግርማዬ፣ ምንም አልሆነም!»